ይሄ ሞተ፣ ይሄ ካናዳ ነው

ባለፈው ዓመት ፍሪሞንት ሄጄ ያገለገለ ቶዮታ ገዛሁ። ፍሪሞንት ከኦክላንድ ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ቢነዱ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ክፍት ሆኖ አያውቅም። ሻጩ ወረቀቱን እስኪጨርስ ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ መጥፎ ቡና ጠጣሁ። በመስታወቱ የሚታየው አስፋልትና የተደረደረ መኪና ብቻ ነው። እንደዚያ የደበረኝ ቦታ ትዝ አይለኝም።

ከወራት በኋላ ነው ያ የመኪና መሸጫዎች ሰፈር ድሮ የውድድር ሜዳ እንደነበረ ያወቅኩት። ድራግ ሬስ የሚሉት ዓይነት። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ ከዚያ 400 ሜትር ገደማ ቀጥ ባለ መንገድ እንደ እብድ መብረር ነው። ኩርባ የለ፣ ዙር የለ፣ በሴኮንዶች ያልቃል። ይህን ያወቅኩት ከአንድ ፊልም ነው። እዚያው ሜዳ ላይ ከተቀረጸ፣ ብዙ ሰው ከማይወደው ፊልም።

«ሞር አሜሪካን ግራፊቲ» ይባላል። በ1979 የወጣ ክፍል ሁለት ነው። (የምጽፋቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ክፍል አንዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ጆርጅ ሉካስ በ«ስታር ዋርስ» ወደ ጠፈር ከመሄዱ በፊት፣ በ1973 ያወጣው ነው። ታሪኩ አንድ ሌሊት ነው። 1962፣ ሞዴስቶ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱና ያልጨረሱ ልጆች በመኪና ሲዞሩ ያመሻሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ይጀነጅናሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይነጋል። አለቀ። 777 ሺህ ዶላር ገደማ የፈጀ ፊልም ነው፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ለኦስካር በአምስት ዘርፍ ታጨ። ይህን ያህል ብር ያመጣ ነገር ደግሞ ክፍል ሁለት ሳይወጣለት አይቀርም፣ የፊልም ሰዎች ጠባይ ነው።

ችግሩ ክፍል አንድ በሩን ቆልፎ ነው የሄደው። መጨረሻው ላይ አንዱ ልጅ ለትምህርት በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ሰማይ ይታያል፣ ከዚያ የአራቱ ወንዶች ፎቶ ከአጭር አጭር ጽሑፍ ጋር ይመጣል። ጆን ሚልነርን፣ ያንን ባለ ቢጫ መኪና ጉረኛ፣ በዲሴምበር 1964 ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገደለው። ቴሪ፣ መነጽራሙ፣ በዲሴምበር 1965 ቬትናም ውስጥ አን ሎክ አካባቢ ደብዛው ጠፋ። ስቲቭ ሞዴስቶ ውስጥ ኢንሹራንስ ይሸጣል። ከርት ካናዳ የሚኖር ጸሐፊ ነው።

አራት መስመር። ሲስቁ ያመሹ ልጆች በአራት መስመር ተዘጉ። መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ፣ ግን የደነገጥኩት እንግዳ ስለሆነብኝ አይደለም። ይህን ዓይነት ንባብ ቤታችን ስሰማው ነው ያደግኩት።

አባቴ አንድ ፎቶ አለው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ፣ በኛ 1965 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ፊት የተነሱት። አምስት ናቸው። አፍሮ፣ ቤልቦተም፣ የሸሚዝ ኮሌታ እስከ ትከሻ። ልጅ ሆኜ ፎቶውን ባወጣው ቁጥር ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈ ፊደል እንደሚያስቆጥር የኔታ ይለው ነበር፦ «ይሄ ሞተ። ይሄ ካናዳ ነው። ይሄ የገባበት አይታወቅም። ይሄ እኔ ነኝ።» ከዚያ ፎቶው ወደ ፖስታው ይመለሳል። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ሞተ?» ብዬ አልጠየቅኩም። በኛ ቤት እንደዚያ አይጠየቅም። በብዙዎቻችሁም ቤት እንደማይጠየቅ እገምታለሁ።

ወደ ክፍል ሁለት ልመለስ። የጻፈውም ያዘጋጀውም ቢል ኖርተን ነው፣ ሉካስ ከበላይ ሆኖ ፕሮዲውስ አደረገው። እንግዲህ አስቡት፣ ተመልካቹ ማን እንደሚሞት ያውቃል። ማን እንደሚጠፋ ያውቃል። ምን ትነግረዋለህ? እነሱ የመረጡት አራት የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማዎችን ነው፤ 1964፣ 65፣ 66 እና 67። በየዓመቱ ያው ዲሴምበር 31። ታሪኮቹን ደግሞ በተራ አይነግሩህም፣ ያፈራርቋቸዋል። ከ64 ወደ 66፣ ከዚያ ወደ 65፣ ከዚያ ወደ 67፣ ተመልሶ ወደ 64።

ለዚህም እያንዳንዱ ዓመት የራሱ መልክ አለው። 1964 የሚልነር ነው፣ ያ የፍሪሞንት ሜዳ። ምስሉ ሰፊ ነው፣ ካሜራው እምብዛም አይቅበጠበጥም፣ ፀሐይና የጎማ ጭስ። 1965 ቴሪ ቬትናም ነው፤ ምስሉ ድንገት ይጠብና አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ሸካራ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ በ16 ሚሊሜትር እንደ ዜና ካሜራ የተቀረጸ። 1966 ዴቢ፣ በክፍል አንድ ቴሪ የጀነጀናት ልጅ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሂፒ ሆናለች፤ ስክሪኑ ሁለትም ሦስትም ቦታ እየተከፈለ በየጎኑ ሌላ ነገር ይታያል። (ራሴን አመመኝ፣ አልዋሽም።) 1967 ስቲቭና ሎሪ ናቸው፣ ተጋብተው፣ መንታ ወልደው፣ ምስሉም እንደ ትዳራቸው ተራ ነው።

በዚያን ጊዜ አልተሳካም። ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ገበያውም ትንሽ ነው፣ ተቺዎቹም ተዝረከረከ አሉት። እውነታቸውን ነው፣ ተዝረክርኳል። ደግሞ የወጣበት ወር! ኦገስት 3፣ 1979። ሉካስ በአንድ ወቅት ራሱ በዜና ካሜራ ዘዴ ሊሠራው አስቦት የነበረውንና ወዳጁ ኮፖላ የወሰደውን ሌላ የቬትናም ፊልም ታውቁታላችሁ፣ «አፖካሊፕስ ናው»ን። እሱ የወጣው በዚያው ወር በ15 ነው። በአሥራ ሁለት ቀን ልዩነት ዝሆን አጠገብህ ተኛ ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር አለው። ያን አንድ ነገር ለማንም አላስነካም።

ሚልነር በ1964 ይሞታል፣ ያንን እናውቃለን። ነገር ግን ዓመቶቹ ስለሚፈራረቁ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ በሕይወት አለ። በ65 እና በ66 ታሪኮች ውስጥ ስለ ሙት ዓመቱ ሲወራ ትሰማለህ። ከዚያ ምስሉ ይሰፋል፣ ሚልነር አለ፣ ፀሐይ ላይ፣ መኪናው ሥር ተንጋሎ መፍቻ አቀብሉኝ ሲል። አንዲት አይስላንዳዊት ይወዳል። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሱ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይችልም፣ እና ቀኑን ሙሉ በእጅና በሳቅ ሲግባቡ ይውላሉ። (እኔ እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን እንዴት እንደነበርኩ አስታወሰኝ፣ ፍቅሩ ሲቀነስ።) ልጁ በደስታ ሰክሯል። የቀረው ጥቂት ሰዓት ነው። አንተ ታውቃለህ፣ እሱ አያውቅም። ሌሎቹ በሌላ ዓመት ሐዘኑን ጨርሰዋል፣ እሱ ገና ስልክ ቁጥር አልተቀበለም።

ሰው የሞተበት ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። በቅደም ተከተል አይደለም። ዕቃ እያጠብክ የሞተው ጓደኛህ ይስቃል፣ ከዚያ ቀብሩ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን አብራችሁ የበላችሁት ሽሮ። ተቺዎቹ የፊልሙ ጥፋት ነው ያሉት መዘባረቅ ለኔ የፊልሙ አንደኛ ነገሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዓመት ቆጠራ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኔ «ስድሳዎቹ» ስል እናንተ ሌላ ነገር ነው የምትሰሙት፣ አውቃለሁ። የኛ ስድሳዎቹ ስድስት ኪሎ ናቸው፣ የካቲት 66 ናቸው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ናቸው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሚልነር የሞተበት ዲሴምበር 31፣ 1964 በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1957 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። የፊልሙ የመጨረሻ ሌሊት፣ የ1967ቱ ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 1960 ላይ ይውላል። የነሱ ፊልም ሲያልቅ የኛ ስድሳዎቹ አራተኛ ወራቸውን መያዛቸው ነበር። አባቴ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው።

የምኖርበት ሰፈርም ለዚህ ነገር ሩቅ አይደለም። እንጀራ የምገዛበት የቴሌግራፍ ጎዳና ቀጥ ብለህ ብትሄድ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያወጣሃል። በዲሴምበር 1964 መጀመሪያ ላይ ተማሪዎች እዚያ ግቢ አንድ ሕንጻ ይዘው ቁጭ ብለው ፖሊስ ከ700 በላይ ሰው አፍሷል። ሚልነር ፍሪሞንት ላይ ጎማ የሚያጨስበት ቀን ሊደርስ አራት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት። ፊልሙ ይህን አያነሳም፣ ሚልነርም ሰምቶት አያውቅም። ይህ ደስ ይለኛል። ስለዚያ ዘመን ስናወራ ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ የነበረ ይመስለናል። ሰልፍ ያልወጣ፣ ካርቡሬተር ሲያጸዳ የዋለም ነበር። እሱንም ያው ዘመኑ በላው፣ በሌላ በኩል።

የ67ቱ ታሪክ ግን እንደዚህ አላስደሰተኝም። ሎሪ ሥራ ልጀምር ትላለች፣ ስቲቭ አይሆንም ይላል፣ ተኳርፋ ታናሽ ወንድሟ ጋ ትሄዳለች፣ ወንድሟ ጦርነት ተቃዋሚ ነው፣ እና ሁለቱም ሳያስቡት ግርግሩ መሃል ይገባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሠራሩ ግን ካርቱን ነው፤ ፖሊሶቹ እንደ ቀልድ ፊልም ፖሊስ ይሮጣሉ፣ ዱላው አያምም። በዚያው በ1967 ኦክቶበር እዚህ ኦክላንድ መሃል ከተማ፣ ወጣቶች ለጦርነቱ የሚመለመሉበትን ቢሮ ሰልፈኞች ለቀናት ከበው ነበር። ዘፋኟ ጆን ባዬዝ ሳትቀር ታስራለች። ያኛው ዱላ ያማል። ከርትን የተጫወተው ሪቻርድ ድራይፈስም አልተመለሰም፣ ታናሽ ወንድም የተፈለገው ለዚህ ይመስለኛል፣ ያስታውቃል። ሃሪሰን ፎርድ እንኳ፣ ያኔ በዓለም የታወቀ ሰው፣ ባለ ሞተር ሳይክል ፖሊስ ሆኖ ለደቂቃዎች ብቅ ብሎ ይሄዳል።

ለሴቶቹ ቦታ መስጠቱን ግን ወድጄለታለሁ። ክፍል አንድ መጨረሻ ላይ ያሉት ፎቶዎች የአራት ወንዶች ናቸው ብያለሁ። ሎሪ ምን ሆነች? ዴቢስ? አንድ መስመር እንኳ አልደረሳቸውም። ክፍል ሁለት ከአራቱ ዓመት አንዱን ሙሉ ለዴቢ ሰጠ፣ ሌላውን ደግሞ ግማሹን ለሎሪ። ዴቢ በ66 ቴሪ ሞቷል ብላ ነው የምትኖረው። ፍቅረኛዋ በማሪዋና ይታሰራል፣ እሱን ለማስፈታት ትባዝናለች፣ ከአንድ ባንድ ጋር ትሄዳለች። ብዙ ትርጉም የለውም። ግን ሴትየዋ አለች፣ ትኖራለች።

ዴቢ ሞቷል የምትለው ቴሪ አልሞተም። በ65ቱ ታሪክ ቴሪ ከጦርነቱ ለመውጣት የማይሞክረው ነገር የለም። ቆስሎ ለመመለስ ይሞክራል፣ አይሳካለትም። ጎኑ ያለው ጓደኛው ጆ፣ በክፍል አንድ የሰፈር ዱርዬ የነበረው፣ ይገደላል። በመጨረሻ ቴሪ የሞተ አስመስሎ ይጠፋል። ወደ አውሮፓ ሊሄድ። ከዚያ ምስሉ ይቀየራል፣ ጓደኞቹ በሌላ ዓመት ያዝኑለታል፣ አንተ ደግሞ እንዳለ ታውቃለህ፣ ልትነግራቸው አትችልም። ይህ ከሚልነር ይብሳል አልልም፣ ግን ሌላ ዓይነት ነው። የሚልነር አሳማሚነቱ አንተ ሞቱን ስለምታውቅ ነው። የቴሪ ደግሞ አንተ ሕይወቱን ስለምታውቅ።

እዚህ ላይ ፊልሙ የማይለው አንድ ነገር አለ። ጂሚ ካርተር በ1977 ቃለ መሐላ በፈጸመ ማግስት ከምልመላው ለሸሹት ምሕረት አደረገ። ካናዳ የገቡትም መመለስ ቻሉ። ወታደር ሆኖ የከዳው ግን በዚያ ምሕረት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ከርት ከፈለገ ሞዴስቶ ተመልሶ እናቱን ሊያይ ይችላል። ቴሪ አይችልም። ቴሪ ሞቶ መቅረት አለበት። በ1979 ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቅ ነበር፣ ዛሬ የምናየው እኛ ነን የረሳነው።

አባቴ አምና ክረምቱን እዚህ አሳለፈ። በዲሴምበር 31 ማታ ውጭ ይንጣጣል። ኦክላንድ ስለሆነ ርችቱን ከተኩሱ መለየት ከባድ ነው። «ይሄ ደግሞ የምን በዓል ነው?» አለኝ፣ እያወቀ፣ ለመቀለድ ነው፤ ለሱ ተራ የታኅሣሥ ቀን ነው። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አልብሼው ፊልሙን ከፈትኩለት። እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ ነበር።

መጀመሪያው ላይ ሁሉም ፍሪሞንት ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። 1964። ሚልነር፣ ስቲቭ፣ እርጉዟ ሎሪ፣ ዴቢ፣ ወታደር ልብስ የለበሰው ቴሪ። አባዬ ጣቱን አነሳና ሳያስበው ቆጠራቸው። አምስት። እኔም ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

«ማነው የሚሞተው?» አለኝ። ነገርኩት። «ማነው የሚጠፋው?» ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ማየቱን ቀጠለ። እንግሊዝኛው ፈጥኖበታል፣ ግን የምስሉ መልክ ሲቀየር ዓመቱን ከኔ ቀድሞ ይለይ ነበር። ቴሪ የሞተ አስመስሎ ሲጠፋ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ጓደኞቹ አላወቁም?»

«አላወቁም።»

«ሁልጊዜም አላወቁም?»

«በፊልሙ አላወቁም አባዬ።»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «እኔ እኮ አንዳንዴ ጀርመን ነው እላለሁ» አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሦስተኛው ነው። በፎቶው ላይ እጁን ኪሱ የከተተው፣ የገባበት የማይታወቀው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጀርመን ሲያኖረው ነበር ማለት ነው። ለምን ጀርመን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ቋንቋውን ይማር ነበር።

መጨረሻው አካባቢ አራቱም ዓመቶች እኩለ ሌሊት ይደርሳሉ፣ ያንን የአዲስ ዓመት ዘፈን በየራሳቸው ዓመት ሆነው አብረው ይዘፍናሉ። ሚልነር በቢጫ መኪናው ጨለማ ውስጥ ወጣ ገባ መንገድ ላይ ይሄዳል። ከፊት ለፊት የሌላ መኪና መብራት ይመጣል። ሚልነር ዳገቱን አልፎ ቁልቁል ይሰወራል። የሱ የኋላ መብራት ተመልሶ አይታይም። የሚመጣው መብራትም አይታይም። ግጭት አያሳዩህም፣ ድምፅ የለም፣ መንገዱ ብቻ። አባዬ ራቱን እንደጨረሰ ሰው አፉን በእጁ ጠረገ።

ያኔ ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በአርባ ዓመቴ የጠየቅኩት፦ «አባዬ፣ ፎቶው ላይ ያለችውስ?»

«የትኛዋ?»

«አምስተኛዋ።»

«ጽጌ ነች» አለ። «ከሁላችንም በላይ ታነብ ነበር። መጽሐፍ የምንዋሰው ከሷ ነው።»

«የት ነች?»

«አግብታ ናዝሬት ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ…» እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተ። «አልጠየቅኩም።»

ውጭ አሁንም ይንጣጣል። ሻይ ላፍላ ብዬ ስነሳ «ቆይ፣ መልሰው እስቲ» አለኝ፣ «ያ ሁሉም አንድ ላይ ያሉበትን።» መለስኩለት። ፍሪሞንት፣ ፀሐይ፣ ጭስ። እንደገና ቆጠራቸው፣ በዚህኛው ጊዜ በዓይኑ ብቻ።

«ካናዳ ያልከኝ ልጅ የትኛው ነው?»

«እሱ ክፍል ሁለት ላይ የለም። አልመጣም።»

«የኛውም እንደዚሁ ነው» አለ አባዬ። «ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አይደውልም።»